አረንጓዴ የበራለት ሳል

ጥቅምት 3 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለክቡር አቶ ክንፈሚካኤል
የሕፃናት ሳል በድምፅ ምርመራ ፕሮጀክት አስተባባሪ
ፍኖተ ሰላም

ጉዳዩ፦ እንድጽፍ የተጠየቅሁትን ምስጋና ስለ ማቅረብ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ክረምቱ እንዴት አለፈልዎ? ደረትዎ ደኅና ነው? ትንፋሽዎ ሳይቆራረጥ ይገባል፣ ይወጣል? ይህን ለወግ ያህል አልጠይቅም። ከቡሬ እስከ ፍኖተ ሰላም ያሉ ሕፃናት ትንፋሽ በእጅዎ ከገባ ወዲህ፣ የእርስዎን ትንፋሽ የሚጠይቅ ሰው ይኖር ይሆን እያልሁ አስባለሁ። ፈጣሪ ከብርድ፣ ከአቧራና ከስብሰባ ብዛት ይሰውርዎ።

በመስከረም 20 ቀን ደብዳቤዎ፣ «በመሣሪያችን ቀድማ ተለይታ ከሳንባ ምች የዳነችውን» ልጄን ሜላትን አስመልክቶ ለዓመታዊ መጽሔትዎ ከአንድ ገጽ ያልበለጠና ስሜት የሚነካ ምስጋና እንድጽፍ ጠይቀውኛል። ታዝዣለሁ። አንድ ገጽ ግን አልበቃኝም፤ ስለዚህም ይቅርታ እጠይቃለሁ። ስሜት ይነካ እንደ ሆነ እርስዎ ይፈርዳሉ።

ደብዳቤው በሌሎችም እጅ ስለሚገባ ራሴን ላስተዋውቅ። ከቡሬ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ በምትርቅ ቀበሌ የአንደኛ ደረጃ መምህር ነኝ። ባለቤቴ አልጣሽ ትባላለች፤ ሜላት የመጀመሪያ ልጃችን ናት። የቀበሌያችን ጤና ኬላ ሠራተኛ ደግሞ ምሥራቅ ናት። ዘጠኝ ዓመት አገልግላለች። በእርስዎ ክስ ከሥራና ከደመወዝ ታግዳ፣ ትባረር አትባረር የሚለውን ለመወሰን ጥቅምት 12 ቀን በሚሰበሰበው ኮሚቴ ፊት ትቀርባለች። ከኮሚቴው አባላት አንዱ እርስዎ ነዎት። ከሳሽም ዳኛም መሆን አድካሚ ነውና እግዚአብሔር ጉልበቱን ይስጥዎ።

ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አስቀምጫለሁ። መጽሔቱን ለሚያዘጋጁት እንዲቀልላቸው ነው።

፩. ባለፈው ዓመት ታኅሣሥ ባለሙያዎ ስልክ ይዞ ወደ ትምህርት ቤታችን በመጣ ጊዜ ተባባሪው አድርጎ ስለ መረጠኝ አመሰግናለሁ። በትዕግሥት አስረዳኝ። ስልኩ ላይ የተጫነው ፕሮግራም ሕፃን ሲስል ይሰማል፤ የሰማውንም ቀደም ሲል ከሰማቸው የታማሚና የጤነኛ ልጆች ሳሎች ጋር ያስተያያል፤ ከዚያም ቀይ፣ ቢጫ ወይም አረንጓዴ ያበራል። «ማሽን እንደ ልጅ ነው መምህር፤ ያስተማሩትን ነው የሚያውቅ» አለኝ። መምህር ነኝና ደስ አለኝ። የታማሚዎቹን ሳል ከየጤና ጣቢያው ሰብስቦ ጨርሷል፤ የቀረው የጤነኞቹ ነበር።

የአፀደ ሕፃናት ልጆችና ታናናሾቻቸው፣ በጠቅላላው አንድ መቶ ዐሥራ ሁለት፣ በሰልፍ ቆሙ። ባለሙያው ስልኩን ዘርግቶ «ሳሉ» አላቸው። ማንም አልሳለም። በእኛ አገር ልጅ በእንግዳ ፊት አይስልም፤ ሳል ቢመጣበት እንኳ ፊቱን አዙሮ በልብሱ ጫፍ ያፍነዋል። ደግሞስ ያላመመው ልጅ ምን ብሎ ይሳል? ባለሙያው ሰዓቱን አየ። እኔ አፈርሁ። ልጆቹ ትእዛዝ የማይሰሙ እንዳይመስሉብኝ ብዬ አንድ ብልሃት አመጣሁ። «ሰው ደጅ ስትደርሱ ምን ታደርጋላችሁ?» አልኋቸው።

ክቡርነትዎ የከተማ ሰው ስለ ሆኑ ላስረዳ። በገጠሩ ሰው ጎረቤቱ አጥር ዘንድ ሲደርስ ስም ጠርቶ አይጮህም፣ በርም አይገፋም። ቆሞ ሁለት ጊዜ ይስላል፤ አጭር፣ ደረቅ፣ ከጉሮሮ ብቻ። ከውስጥ «ማነው? ግባ» እስኪባል ይጠብቃል። መሄድ የጀመረ ልጅ ሁሉ ያውቃታል። አሳየኋቸው። እኽ፣ እኽ። አንድ መቶ ዐሥራ ሁለቱም ተከተሉኝ። ባለሙያው «እንዴት ያለ ንጹሕ ድምፅ ነው» ብሎ ተደሰተ። እኔ ሳሳያቸው ስልኩ ተከፍቶ ስለ ነበር፣ በመዝገብዎ ውስጥ ካሉት ጤነኛ ሕፃናት መካከል አንዱ የአርባ አንድ ዓመት ጎልማሳ ነው። ስለዚህም ክብር አመሰግናለሁ።

፪. በሚያዝያ ተባባሪዎችን ሁሉ ወደ ፍኖተ ሰላም ጠርተው፣ በአዳራሽ ውስጥ የምስክር ወረቀት ስለ ሰጡን አመሰግናለሁ። በድምፅ ማጉያ ሁለት ሳል አሰሙን። የመጀመሪያው የታመመ ልጅ ነው አሉን፤ ረጅም፣ እርጥብ፣ ደረት የሚሰነጥቅ ሳል። ሁለተኛው የጤነኛ ልጅ። እኽ፣ እኽ። አዳራሹ አጨበጨበ።

እጄን አነሣሁ። ይህ ሳል አይደለም፣ የደጅ ሰላምታ ነው፤ ልጆቹን እንዲህ ያስተማርኋቸው እኔ ነኝ፤ ለመሳል አቅም ያጣ ሕፃንም እንዲህ ያለ ድምፅ ሊያወጣ ይችላል አልሁ። የመጨረሻውን ቃል ማለቴን እርግጠኛ አይደለሁም። ያልሁ ይመስለኛል። ወይም በኋላ፣ ከሆነ በኋላ፣ በሐሳቤ የጨመርሁት ይሆናል። የፊተኛውን ግን ብያለሁ፤ ሰው ሰምቷል፤ እርስዎም ሰምተው ፈገግ አሉ። «መምህር፣ ዘጠና አራት በመቶ ትክክል ነው ተብሎ የተለካ ነገር ነው፤ ከዘጠና አራት ጋር ምን አጣላዎት?» አሉኝ። ሰዉ ሣቀ። «በሉ፣ ሻዩ ይቀዘቅዛል» አሉ።

ተቀመጥሁ።

ሻይ ጠጣሁ፤ ሳምቡሳ በላሁ። ሁለት። ይህን ለምን እንደምነግርዎ አላውቅም። በዚያች ደቂቃ ቆሜ ብቀር ኖሮ የሚል ሐሳብ አለ፤ ሳልጠራው ይመጣል። ሰሌዳ ፊት ቆሜ፣ ጠመኔ በእጄ፣ የጀመርሁት ቃል በግማሹ እንደ ቀረ ይመጣል። ልጆቹ «መምህር፣ አለቀ?» ይሉኛል። አላለቀም እላቸዋለሁ።

፫. በግንቦት የትንፋሽ መቁጠሪያ ሰዓቶችን ከየጤና ኬላው በካርቶን ስላስሰበሰቡ አመሰግናለሁ። ቀድሞ ምሥራቅ የታመመውን ሕፃን ልብስ ገልጣ፣ ደረቱን እያየች አንድ ደቂቃ ሙሉ ትንፋሹን ትቆጥር ነበር፤ ዓመት ያለፈው ልጅ በደቂቃ አርባ ከሞላ ሳንባ ምች ይጠረጠራል። «ድርብ ሥራ እንዳይሆን» ተብሎ ቀረ። በምትኩ ፊርማዎ ያለበት፣ ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ መመሪያ መጣ። አረንጓዴ ከበራ መድኃኒትም የለም፣ ወደ ሆስፒታል መላክም የለም። ከማየት ስላሳረፏት ምሥራቅም ታመሰግናለች።

፬. ስለ መድኃኒቱም ላመስግን። በሰኔ የጎረቤታችን የአያ ላቀው ልጅ በሶ ትን ብሎት እናቱ ደንግጣ ጤና ኬላ ብትወስደው ቀይ በራለት። በሶው ከወረደ በኋላም የአምስት ቀን መድኃኒት ተሰጠው። አያ ላቀው «እንግዲህ በሶ የበላ ሁሉ ሊታከም ነው» እያለ ዛሬም ይሥቃል። ጉንፋን የያዘው፣ ጭስ ያነቀው፣ ጮክ ብሎ የሚስል ሁሉ ቀይ ነበር። ሐምሌ ሲገባ ከመድኃኒቱ የቀረው ጥቂት ፍሬ ነው።

፭. እነሆ የምስጋናው ዋና ክፍል። ቀኑ ሐምሌ 21 ነው። ሜላት ያኔ የአንድ ዓመት ከአራት ወር ልጅ ነበረች። ሁለት ቀን አተኮሳት፤ አለቀሰች፤ በሦስተኛው ቀን ጠዋት ማልቀሷን ተወች። ተሻላት አልሁ። አልጣሽ ልጅቱን ቁልቁል ስታያት ቆየችና «አንተ፣ ይች ልጅ ዝም ያለችው ደኅና ሆና አይደለም» አለችኝ። በዝናብ ወደ ጤና ኬላ ሄድን።

ምሥራቅ ስልኩን ወደ ልጅቱ አፍ አስጠጋች። ሜላት ሁለት ጊዜ ሳለች። አጭር። ደረቅ። ከጉሮሮ ብቻ።

አረንጓዴ።

አወቅሁት። ያንን ድምፅ ለማሽኑ ማን እንዳስተማረው የሚያውቅ ሰው በዚያች ክፍል ውስጥ እኔ ብቻ ነበርሁ። ትምህርቱን በሚገባ ይዟል፤ ልጄን ደጅ የቆመች እንግዳ አድርጎ ቆጠራት።

ምሥራቅ ግድግዳው ላይ ያለውን መመሪያ አየችው። ከዚያ ስልኩን ሁለተኛ ከፍታ «እስኪ ይድገመው» ብላ ከልጅቱ ራስ አጠገብ አስቀመጠችና እጇን ወደ እኔ ዘረጋች። «መምህር፣ ሰዓትዎን ይስጡኝ።» የልጅቱን ልብስ ገለጠች። ከጎድን አጥንቷ በታች ያለው ሥጋ በተነፈሰች ቁጥር ወደ ውስጥ ይሰምጣል። ድምፅዋን አውጥታ ቆጠረች። ስልሳ ሁለት። ስልኩም የሚቀዳበትን ሁለት ደቂቃ ጨርሶ በራ፤ እንደ ገና አረንጓዴ። አልጣሽ «ምን አለ?» ብላ ጠየቀች። ምሥራቅም «እሱ የፈለገውን ይበል፤ እኔ የማየው ሌላ ነው» አለቻት።

ከቀሩት ፍሬዎች አንዱን በጥብጣ አጠጣቻትና በመላኪያው ወረቀት ላይ በእጇ ጻፈች፦ «በመሣሪያው አረንጓዴ፤ በዓይኔ ቀይ። ትንፋሽ 62። በአስቸኳይ።» መንገዱ በዚያ ቀን ክፍት ነበር። እስከ አስፋልት በጋሪ፣ ከዚያ በሚኒባስ ፍኖተ ሰላም። አልጣሽ በመንገድ ሁሉ ጆሮዋን የልጅቱ አፍ ላይ አድርጋ ነበር። ሜላት ስድስት ቀን በኦክስጅን ተነፈሰች። ሐኪሙ «እስከ ማታ ብትቆዩ ኖሮ» አለና ሳይጨርሰው ወደ ሌላ አልጋ ሄደ። ብዙ ጊዜ እኔ እጨርስለታለሁ።

፮. ከሆስፒታል በወጣን ቀን ከጽሕፈት ቤትዎ የመጣ ሰው አልጣሽን «አንድ ፎቶ ለማስታወሻ» ብሎ ልጅቱን እንዳቀፈች አነሣት። ማስታወሻው በነሐሴ በቡሬ መግቢያ ላይ ተሰቀለ፤ ቁመቱ ከቤታችን ይበልጣል። ከሥሩ «ሳሏ ተሰማ፤ ሕይወቷ ተረፈ» ተብሎ ተጽፎበታል። ልጄን በዚህ ስፋት አይቻት ስለማላውቅ አመሰግናለሁ። አልጣሽ ግን ከዚያ ወዲህ ገበያ የምትገባው በጀርባ መንገድ ነው።

ከፎቶው ሥር ጨርቅ የሚሸጡት ወይዘሮ ዙለይካ ታሪኩን ከእኔ ሰሙ። ቀና ብለው ሲያዩት ቆዩና፣ «የታመመ በግ አይጮህም ልጄ። ይኼን ሳያውቅ ገበያ የወጣ፣ ሲነጋ የሚሞት በግ ገዝቶ ነው የሚገባ» አሉኝ። አባታቸው የበግ ነጋዴ ነበሩ። በሚቀጥለው ጉባኤዎ ቢጋብዟቸው ሳያስረዝሙ ይናገራሉ።

፯. በመጨረሻ ስለ ምሥራቅ። በእገዳ ደብዳቤዋ ላይ ሁለት ጥፋት ሰፍሯል፤ አንዱ ከመመሪያ ውጭ መሥራት፣ ሁለተኛው «የመሣሪያውን ተአማኒነት የሚያጎድፍ ቃል በመንግሥት ቅጽ ላይ መጻፍ»። የተያያዘው ማስረጃ ሜላትን ያዳናት ወረቀት ነው። እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ አንዲት ልጅ በቡሬ መግቢያ ላይ የእርስዎ ድል ናት፤ በፍኖተ ሰላም ፋይል ውስጥ የምሥራቅ ጥፋት ናት። ልጄን በሁለት ሥራ ላይ ስላሰማሯት አመሰግናለሁ። ገና ሁለት ዓመት አልሞላትም።

ምሥራቅ አሁን ከእናቷ ጋር ድንች ትቆፍራለች። ጤና ኬላው ተቆልፏል። እናቶች ልጅ አዝለው ይመጣሉ፤ ቁልፉን ያያሉ፤ ጥቂት ይቆማሉ፤ ይመለሳሉ። ባለፈው ሳምንት አንዲት ሴት ማሳው ድረስ ሄዳ «እኅትዓለም፣ በዓይንሽ ብቻ እይልኝ» አለቻት አሉ። ብታይ ሌላ ጥፋት ይጨመርባታል። ምን እንዳደረገች ጠይቄ አላውቅም።

እኔንም ርእሰ መምህራችን «ተው፣ አንተም ትጠየቃለህ» ብሎ መክሮኛል። እውነቱን ነው። ፈሪ ሰው ነኝ። ይህን ደብዳቤ አራት ጊዜ ቀድጃለሁ። አሁን እንኳ አጥራችን ዘንድ እንግዳ ቆሞ ሁለት ጊዜ ሲስል ከመቀመጫዬ ብድግ እላለሁ፤ ግባ ማለት ያቅተኛል፤ በመጀመሪያ የማየው ሜላትን ነው። እየተጫወተች ነው። አፈር ትበላለች። ደኅና ናት። ከዚያ እንግዳውን አስገባለሁ።

ይህ ሁሉ ሲሆን ክፉ አልመኝልዎትም። ዋሸሁ፤ እመኝልዎታለሁ። ብዙ አይደለም። አንድ ጠዋት፤ ዝናብ፤ ከጎድኑ በታች ሥጋው የሚሰምጥ አንድ ሕፃን፤ በእጅዎ አረንጓዴ መብራት፤ በግድግዳው ላይ የራስዎ ፊርማ፤ ሰዓት የለም። ሕፃኑ የሌላ ሰው ይሁን። የእርስዎ እንዲሆን እስከ መመኘት አልደረስሁም። ደርሼ ነበር፤ ተመለስሁ። የተመለስሁትም አልጣሽ ስላየችኝ ነው።

ማሽኑን አልጠላውም። የሚሰማ ነገር ነው፤ ስሕተቱንም በትክክል ቢነግሩት ይማራል፤ በዚህ ከብዙዎቻችን ይሻላል። ጆሮው የተበላሸው በእኔ ነው፤ ይህን በአደባባይ እናገራለሁ። ላርመው ስነሣ ያስቀመጡኝ ግን እርስዎ ነዎት። ስለዚህ የምስጋናዬ ማሳረጊያ ይህ ነው። የሚስቴና የልጄ ፎቶ ከቡሬ መግቢያ ይውረድ። ሰዓቶቹ ከካርቶናቸው ወጥተው ወደየጤና ኬላው ይመለሱ። የእኔና የአንድ መቶ ዐሥራ ሁለቱ ልጆች ሳል ከመዝገቡ ይፋቅ። ምሥራቅ ዘጠኝ ዓመት ወደ ሠራችበት ክፍል ትመለስ፤ ቁልፉንም ከእርስዎ እጅ ትቀበል። መጽሔቱን በተመለከተ፣ ይህን ደብዳቤ አንዲት ቃል ሳይቀንሱ እንዲያወጡት ሙሉ ፈቃዴን ሰጥቻለሁ።

ለእርስዎና ለመላው ጽሕፈት ቤትዎ ረጅም ዕድሜና ሰላማዊ ትንፋሽ እየተመኘሁ፣ በታላቅ አክብሮት እጅ ነሥቼ፣ ጥቅምት 12 ቀን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ ከባለቤቴ ጋር በኮሚቴው በር ላይ ቆሜ የምጠብቅዎ፣

ትሑት አመስጋኝዎ
መምህር አንዷለም ቂርቆስ

ግልባጭ፦
ለጤና ኬላው የተቆለፈ በር
ለቀበሌያችን ወፍጮ ቤት ግድግዳ
ለምሥራቅ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ኮሚቴው የሚቀበለው «ተጨባጭ ማስረጃ» ብቻ እንደ ሆነ ሰምቻለሁ። ባለሙያዎ እንዳሳየኝ ስልኩ የሚቀዳው ሁለት ደቂቃ ሙሉ ነው፤ ሳሉን ቆርጦ ይወስድና የቀረውን «ጫጫታ» የሚል ስም ሰጥቶ ያስቀምጠዋል። በምርመራው ጊዜ በፈረምነው ቅጽ ላይም ወላጅ የልጁን ድምፅ ቅጂ የማግኘት መብት አለው ይላል፤ እኛም ከሆስፒታል በተመለስን ሰሞን፣ ገና ቂም ሳንይዝ፣ ለማስታወሻ ብለን ወስደነዋል። የዚያ ቀን የሁለተኛው ቅጂ ጫጫታ ምሥራቅ ከአንድ እስከ ስልሳ ሁለት ስትቆጥር ነው፤ ሊዘጋ ሲል «ጋሪ ፈልጉ፣ ቶሎ» ትላለች። ካለፈው ገበያ ቀን ጀምሮ ወይዘሮ ዙለይካ በሱቃቸው በር ላይ በድምፅ ማጉያ ያሰሙታል፤ ልጅ ያዘሉ ሴቶች ቆመው አብረዋት ይቆጥራሉ። ለኮሚቴውም አንድ ቅጂ በፍላሽ አዘጋጅቻለሁ። ሁለት ደቂቃ ብቻ ነው፤ ሥራ አያስፈታዎትም።